ለእማማ ላም ብዬ የቀየርኳቸው ሁለት ጎማዎች

መኪናዬን የሚነካብኝ ሰው አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኜ ያችን ነጭ አሮጌ ፒካፕ ከተረከብኩ ጀምሮ «የመንግሥት ናት እንጂ ያንተ አይደለችም» የሚለኝ ሰው ሞልቷል። እሺ፣ የመንግሥት ትሁን! የሚያጥባት ግን የኔ እጅ ነው፤ እሷን ሲያማት እኔንም ያመኛል።

ሥራዬ አንዲት ወጣት ባለሙያ ይዞ መዞር ነው። እሷ ላም አዳቃይ ናት። ገበሬው «ላሜ ኮርማ ፈለገች» ብሎ ሲደውል እንሄዳለን። የተሻለ ዝርያ ካለው ኮርማ የተወሰደው ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ በአንድ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን ስለሆነ አገሬው «ገንቦው» ይለዋል። ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም ከሰዓት በኋላ መዳቀል አለባት። ካመሸ አለቀ፤ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ስለዚህ ጥጃ ይወለድ አይወለድ የሚወሰነው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ደግሞ፣ ኧረ መንገድም አይባል! ላይኛው ሲዘንብ ጎማ የሚውጥ ጥቁር ዋልካ አፈር፣ ታችኛው ድንጋይ፣ መካከሉ ደግሞ ሁለቱም።

ወደ ስማዳ በሚወርደው ተረተር ሥር የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። ያላቸው አንዲት ቀይ ቦቃ ላም ብቻ ነው። ባለቤታቸው በሞቱበት ዓመት፣ በዚያው ክረምት፣ በገዛ እጃቸው ስበው ያዋለዷት ጥጃ ናት፤ ዛሬ ላም ሆናለች። አንድ ጊዜ ወልዳ ከነጠፈች በኋላ ግን ባዶዋን ቀረች። የሰፈሩ ኮርማዎች ሁሉ ተኮላሽተው ቀንበር ሥር ስለገቡ የእማማ ተስፋ እኛ ነበርን።

ሁለት ጊዜ ደወሉልን፤ ሁለቴም ቀረን። በመጀመሪያው ጊዜ መኪናዬ ዋልካው ውስጥ እስከ ሆዷ ተቀብራብኝ ዋልኩ። ያን ቀን እማማ በስልክ የሰደቡኝን ስድብ እናቴም ሰድባኝ አታውቅም። በሁለተኛው ጊዜ ዋልካውን አለፍኩና ታች ድንጋይ ላይ ተንጠለጠልኩ፤ ጎማዎቿ ባዶ እየተሽከረከሩ ፀሐይ ገባች። በማግስቱ ስደውልላቸው ስድብ ጠብቄ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ያዝኩት። አልተሳደቡም።

«ልጄ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ወንድሜ መካን ናት እያለ ነው። አንድ ጊዜ ደግማ ከቀረች ለገና ቅርጫ ትታረድ ብሏል። ድርቆሹን የሚሰጠኝ እሱ ነው፤ ምን ብዬ እምቢ ልበለው?»

ስልኩ ተዘጋ። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት? ስድቡን እችለው ነበር። ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደፈላ ግን አላወቅሁም፤ በመንገዱም፣ በዝናቡም፣ በራሴም ላይ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ጎማ።

በከተማችን ጎማ ጠጋኝ፣ በጎሚስታው ሱቅ ጥግ ላይ ሁለት ወፋፍራም ጎማዎች ዓመት ሙሉ ተደግፈው ኖረዋል። ከተገለበጠ ትልቅ መኪና የተረፉ ናቸው፤ ጥርሳቸው መካከል ጣት ይገባል። ስለካው ጎማ ከሚታሰርበት ብረት፣ ከመኪናዬ ቸርኬ ጋር ልክ ገጠመ። ልቤ አበጠ።

«ለፊቷ እሰርልኝ» አልኩት።

«ሁለት ብቻ? የኋላውስ?»

«የፊቱ ካለፈ የኋላው የት ይሄዳል? በቅሎ ጭቃ ስትሻገር አላየህም? የፊት እግሯ ደረቅ ከረገጠ አለቀ፣ ቂጧን ትጎትተዋለች።»

ጎሚስታው ሳቀ፤ በኋላ ግን ፊቱ ጠነከረ። «ጋሼ፣ መሪ ስታዞር ጎማው ከላዩ ያለውን ላሜራ፣ ፓራፋንጎውን ይነካል።»

«ይቆረጣላ!»

ቆረጥነው። ላሜራው ሲጋዝ ጥርሴን ነከስኩ። ጎሚስታው ግን አልጨረሰም ነበር። «ደግሞ ስማኝ፣ አራቱንም እግር የምታስነሳበትን ትንሿን ማርሽ ደረቅ መሬት ላይ እንዳታስገባ። የፊቱ ትልቅ ነው፤ አንዴ ሲዞር ብዙ ይሄዳል። የኋላው ትንሽ ነው፤ ወደኋላ ይቀራል። ጭቃ ላይ ሲንሸራተቱ ይቻቻላሉ። ድንጋይ ላይ ግን አንድ ላይ ከታሰሩ ይጣላሉ፣ መኪናዋን ይሰብሯታል።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። «አንተ ጎማህን ንፋ!» ብዬው ወጣሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ የነገረኝ ሁሉ አንድ በአንድ ደርሷልና።

ያን ቀን መኪናዬ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ከተማውን ዞረች። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሥራ ፈት ሁሉ አፉን ከፈተብኝ። አንዱ «ፍየል ቅጠል ልትበላ ዛፍ ላይ ወጣች!» አለ። ያ ሁሉ ሳቅ ለምን እንዳናደደኝ አውቃለሁ፤ እውነትም ፍየል ትመስል ነበር። አዳቃይዋ ስትገባ ወንበሩ ወደኋላ ተንሸራቶ አስተኛት። «ጋሼ፣ ሰማይ እንጂ መንገድ አይታየኝም» አለች።

ጥቅምት ገብቷል፤ ዝናቡ ግን አልወጣ ብሎ ነበር። አንድ ዓርብ በማለዳ ስልኬ ጮኸ። እማማ ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥተው ኖሯል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ከንጋት ጀምራ ትጮሃለች፣ አጥሩን ልታፈርሰው ነው! ልጄ፣ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ እማማ! ዛሬ ጎማው ሌላ ነው!»

ጎማው ሌላ ነው! ሴትዮዋ የጠየቁኝ እመጣለሁ ወይስ አልመጣም ነው፤ እኔ የመለስኩት ስለ ጎማ ነው።

አዳቃይዋ የጠዋቱን ሥራዋን ጨርሳ ስድስት ሰዓት ላይ ተነሣን። በእጅ የሚያዘው ትንሹ ዕቃ ተሰንጥቆ ስለነበር ትልቁን ገንቦ ነው የጫንነው፤ ኋላ ላይ ጠፍረን አሠርነው። ዓርብ ስለሆነ ገበያ ውሎ የሚመለሰው ሰው አህያውን እየነዳ መንገዱን ሞልቶታል። ጥሩምባዬን እያስጮህኩ በመካከላቸው አለፍኩ። ጉራዬን ያላየ አልነበረም።

ዋልካው ጋ ስንደርስ ትንሿን ማርሽ አስገባሁ። ወይ ጉድ! ትልልቆቹ ጎማዎች ጭቃውን እየቆረሱ ግራና ቀኝ ወረወሩት። በፊት የተቀበርኩባትን ቦታ ሳልፋት «ዘራፍ!» አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ መሪ ጨብጬ ብቻዬን ፎከርኩ። አዳቃይዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጭቃው አልቆ ድንጋዩ ሲጀምር ግን ሳቋን አቆመች።

«ጋሼ፣ ጎሚስታው እኔንም አስጠንቅቆኛል፤ ትንሿን ማርሽ...»

«እሱ ጎማውን ይንፋ! እንዲህ እየሄደች ማን ይነካታል?»

ጥቂት እንደሄድን መሪው ከበደ። ከዚያ ድንጋይ ሆነ። መኪናዋ እንደተጠፈረች አህያ ትዘላለች፤ በየጠመዝማዛው የፊቱ ጎማ የተቆረጠውን ላሜራ ይፍቃል፤ ድምፁ ጥርስ ያሳክካል። ያን ጊዜ ነቃሁ። ማርሿን ላወጣ ብስባት አልወጣ አለች። ቆሜ ሳብኩ፣ አዳቃይዋም አገዘችኝ፣ ሁለታችን ሳብን። ወይ ፍንክች! ትንሽ ብሄድ ትለቅ ይሆናል ብዬ ረገጥኩ። ከሥር ጧ! የሚል ድምፅ መጣ፤ መኪናዋ ቀጥ አለች። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይጮሃል፣ መሄድ የለም።

ወርጄ ጎማውን በእርግጫ መታሁት። ጎማው ምን ሆነ? እኔ ግን አውራ ጣቴን ይዤ በአንድ እግሬ ዘለልኩ። ሰዓቴን ሳይ ስምንት ተኩል ሆኗል። ቁልቁል የእማማ ሰፈር ቆርቆሮዎች ይታያሉ፤ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እና ገንቦው ኋላ ላይ ተቀምጧል። ከባድ ነው፤ ከተዘነበለ ደግሞ ፈሳሹ ይፈስና ዘሩ ይሞታል። አዳቃይዋ ወርዳ የገንቦውን ማሰሪያ ታጠብቃለች። ቁጣ ስጠብቅ እሷም እንደ እማማ ሆነችብኝ።

ጥሩምባ ያስጮህኩባቸው ገበያተኞች አሁን ደረሱብኝ። ከፊት የነበሩት አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው መኪናዋን ዞሩ። የፊቱን ጎማ ዳሰሱ፤ ጎንበስ ብለው የኋላውንም ዳሰሱ።

«ትልቁን ከትንሹ ጋር ጠምደሃል እኮ!» አሉኝ።

«አባባ፣ ይህ መኪና ነው፣ በሬ አይደለም።»

«አውቃለሁ። በሬ ቢሆን ታዝንለት ነበር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። በሕይወታቸው መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሰው ጎሚስታው የነገረኝን በአንድ እይታ ደገሙት።

አዳቃይዋ የመጣንበትን ጉዳይ ነገረቻቸው፤ ላሟ የማን እንደሆነችም ነገረቻቸው። ሽማግሌው የእማማን ባለቤት ያውቋቸው ኖሯል። አንዱ «በአህያ እንጫነው» አለ። «ያንገጫግጨዋል፣ ይዘነበላል» አለች። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «በቃ፣ ቃሬዛ ነው» አሉ።

በዚህ አገር መኪና የማይደርስበት በሽተኛ በቃሬዛ ነው የሚወጣው፤ ሰው ሁሉ አሠራሩን ከልጅነቱ ያውቀዋል። አንድ ሰው ለቤቱ ጣሪያ የገዛቸውን ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ከአህያው አወረደ። በአህያ መጫኛ ገመድ አሰሯቸው፤ ገንቦውን ቀጥ አድርገው መካከሉ ላይ ጠፈሩት፤ ፀሐይ እንዳይመታው በጋቢ ጠቀለሉት። ሻይ እስኪፈላ ድረስ አልቆየም። እኔ እንደ ግንድ ቆሜ አያለሁ።

ሦስት ሰው ከሥሩ ገባ። ሌሎቹ አህያ መንዳት አለባቸው፣ ሴቶቹም ሸክም ይዘዋል። አንድ ትከሻ ጎደለ፤ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«መኪናዬንስ ለማን ትቼ?» አልኩ።

«ማን ይወስዳታል?» አሉ ሽማግሌው። «አንተስ ልትወስዳት አቅቶህ የለም?»

ቆልፌያት መጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ ዞር ብዬ ሁለቴ አየኋት። ከሥሩ ስገባ ግን ሽማግሌው ገፋ አድርገው አስወጡኝና «አንተ ረጅም ነህ፣ ከዚህ ረጅም ጋር ከኋላ ሁን። አጫጭሮቹ ከፊት» አሉ። አቻ ለአቻ አሰለፉን። ቁልቁለት ስለነበር አጫጭሮቹ ፊት ሲሆኑ ይዘነበላል ብዬ ተከራከርኩ። እሳቸውም አዩና «ይህስ እውነት ነው» ብለው ረጃጅሞቹን ከፊት አዞሩን። በዚያ ቀን ያሸነፍኩት አንድ ክርክር እሱ ብቻ ነው።

ቃሬዛ ሕግ አለው። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ትከሻውን ያቀብላል። ሽቅብ የሚወጣ አንድ ጎልማሳ እንዳየን ዱላውን ጥሎ ከኋላ ያለውን ሰው ተካ። ሃያ ሠላሳ እርምጃ ከሄደ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ነው የታመመው?» አለ።

«ኮርማ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

ሰውየው በጋቢ የተጠቀለለውን ነገር በዓይኑ ለካ። ከዚያም ትከሻውን ሳይለቅ «እንዲህ አነሰ?» አለ።

እዚህ ላይ አዳቃይዋ መንገድ ዳር ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሌላ ቦታ ደግሞ አንዲት ሴት ከሩቅ አይታን ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ወየው! ወየው!» እያለች መጣች። ቀርባ ስታይ ከጋቢው ሥር ነጭ ጭስ ይወጣል፤ የናይትሮጅኑ ትንፋሽ ነው። «በስመ አብ! ኧረ ይተነፍሳል!» ብላ ቆመች። ነገሩን ስትሰማ እየሳቀች ተቆጣችን፤ እንባዋን በከንቱ አስፈስሰናታልና። ዞራም አብራን መጣች፤ መጨረሻውን ሳላይ አልቀርም አለች።

ሰው ሁሉ እየተቀያየረ ነበር የሚሸከመው። እኔ ግን «ልቀበልህ» ያለኝን ሁሉ እምቢ አልኩ። ትከሻዬ ተልጧል፣ ጣቴ አብጧል። «ተው እንጂ፣ ተራህ አልቋል!» ሲሉኝ «አይሆንም አልኩ እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው። እነሱ የነሱን ተራ ነው የሚያውቁት። እኔ ሁለት ተራ እማማ ላይ ቀርቼባቸዋለሁ።

እማማ ላሟን በገመድ ይዘው አጥሩ በር ላይ ቆመዋል። ጆሯቸው ሽቅብ ነው፤ የሞተር ድምፅ ነው የሚጠብቁት። ወንድማቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጭራሮ ይሰብራል። ጠመዝማዛውን ዞረን ብቅ ስንል እማማ ቃሬዛውን አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ማን ሞተብኝ?»

«ማንም አልሞተም እማማ! እኔ ነኝ! መኪናው ተሰበረ!»

ላሟ ገና ትጮህ ነበር። ደርሰናል። አዳቃይዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሥራዋን ያዘች፤ ረጅሙን ጓንት አጠለቀች፣ ዘሩን አወጣች፣ ለብ ባለ ውሃ አሟሟቀችው። ሽማግሌው ጭራዋን ያዙ። እማማ ግንባሯን እያሻሹ «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ» ይሏታል። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። ወንድምየው ተነሥቶ ቃሬዛውንም እኛንም ተራ በተራ አየን፤ «ለዚች ላም ነው ይህ ሁሉ?» አለ።

መኪናዬን በሌላ መኪና አስጎትቼ አስጠገንኩ። ትንንሾቹን ጎማዎች ለማስመለስ ጎሚስታው ዘንድ ስሄድ «አልነገርኩህም?» አላለኝም፤ እግዜር ይስጠው። ሻይ ጋበዝኩትና «ያልከኝ ሁሉ ሆነ» አልኩት። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለኝ፣ በኋላ» አለ።

የቀረው መቁጠር ነበር። ላሟ ካልያዘች በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ትጮሃለች፤ ያን ጊዜ ቅርጫ ነው። ቀኑ ሲደርስ ፈቃድ ጠይቄ በእግሬ ወረድኩ። ከጠዋት ጀምሬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ታመሰኳለች፣ ታየኛለች፣ ታመሰኳለች። ጭራዋን ባወዛወዘች ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል። እማማ ሲያዩኝ ዋሉና «አንተ፣ እንዲህ ታፈጥባታለህ? አፍራ ነው ዝም ያለችው!» አሉ። እኔ ግን የዚያን ቀን ዝምታዋን የሚያህል ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም። ወንድምየው ማታ የድርቆሽ ሸክም አምጥቶ ከፊቷ ጥሎ ሄደ። ኅዳር ላይ ደግሞ ከሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች አንዱ እማማ ቤት ደረሰ፤ በእጄ እያንከባለልኩ ወስጄው፣ ቆርጠን የላሟን ውሃ መጠጫ አደረግነው።

ሐምሌ አጋማሽ አልፎ እማማ ደወሉ። ሴት ጥጃ፣ ያውም ቦቃ! ፍልሰታ ሳይገባ የአራሷን ላም የመጀመሪያ ወተት፣ እንገር ቅመሱ ብለው የተሸከሙትን ሁሉ ጠሩ። በሐምሌ ዋልካ መኪና አይታሰብም፤ አዳቃይዋና እኔ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወረድን። ሽማግሌው አሉ፤ አጣናውን የሰጠው ሰው አለ፤ ያቺ አልቃሽም አልቀረችም። ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ ጥግ ይዟል።

እንገሩ በጣሳ እየተቀዳ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ እማማ ዘለሉኝ። አንዴ ዘለሉኝ፣ ረስተውኝ ነው አልኩ። ሁለቴ ዘለሉኝ፤ ቁጣዬ መጣ፣ ደግሞም ሁለቴ ቀርቼባቸዋለሁና ይገባኛል ብዬ ዋጥኩት። እማማ ወደ ጓዳ ገብተው ሲመለሱ የቀንድ ዋንጫ ይዘዋል። ከላዩ የጠረጉት አቧራ ገና በነጠላቸው ጫፍ ላይ ነበር።

«የባለቤቴ ነው። ከሞተ ወዲህ ከግድግዳው አልወረደም» አሉ። እስከ አፉ ሞሉት። «ሁለት ጊዜ መኪና ስጠብቅ ቀረሁ። በሦስተኛውም መኪናው አልመጣም። አንተ ግን መጣህ።»

በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። ዋንጫውን ይዤ ጥጃዋን አያለሁ። ሽማግሌው «ጠጣ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። ጠጣሁት፤ እንባዬም አብሮ ገባበት።